አባ ጳኩሚስ፦ በእስረኞች ማዕድ የተጠራው የአንድነት ኑሮ አባት

ዐቢይ ጾም ተፈጽሞ፣ የሰሙነ ሕማማቱ ስግደት አብቅቶ፣ የትንሣኤው ብርሃን በየቤታችን በገባበት በዚህ ታላቅ በዓል ቤተ ሰብ ሁሉ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ይሰበሰባል። ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠራል፤ አቅም ያነሰውም ከሌላው ደጅ ባዶውን አይመለስም። እንዲህ ባለው ቀን ስለ አንድ ማዕድና ከዚያ ማዕድ ስለ ተነሣ አንድ አባት ማሰብ የተገባ ነው።

ይህ አባት በመነኮሳት ዘንድ ስሙ ዘወትር የሚጠራው፣ የአንድነት ኑሮ መሥራች የሆነው አባ ጳኩሚስ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ሥርዓት የሠራ የገዳም አባት መሆኑን ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን የታሰረና የተራበ አረማዊ ወጣት እንደ ነበረ፣ ወደ ክርስትና የሳበውም ስማቸው በመጽሐፍ ያልተመዘገበ የአንድ ከተማ ምእመናን ያቀረቡለት እንጀራ መሆኑ ብዙ ጊዜ አይነገርም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲገነዘቡልን እንጠይቃለን።

በወኅኒ የቀረበ ማዕድ

አባ ጳኩሚስ በ292 ዓ.ም. ገደማ በላይኛው ግብፅ፣ በዓባይ ወንዝ ዳር፣ ዛሬ እስና በምትባለው ከተማ አካባቢ ተወለደ። ወላጆቹ ጣዖት የሚያመልኩ ነበሩ። ታሪኩን የጻፉት ደቀ መዛሙርት እንደሚተርኩት፣ ገና ልጅ ሳለ ለጣዖት ከቀረበው ወይን ቢያጠጡት ሆዱ አልቀበልም ብሎ መልሶታል።

ዘመኑ የሮም ገዢዎች ለዙፋን እርስ በርሳቸው የሚዋጉበት ነበር። ወጣቶች ከየመንደሩ እየተያዙ ያለ ፈቃዳቸው ወደ ጦር ሠራዊት ይወሰዱ ነበር። ጳኩሚስም ዕድሜው ሃያ ዓመት ገደማ በሆነ ጊዜ፣ በ312 ዓ.ም. አካባቢ፣ ከሌሎች ወጣቶች ጋር ተያዘ። በጀልባ ተጭነው በወንዙ ወደ ታች ሲወሰዱ በመሸባቸው ጊዜ፣ ዛሬ ሉክሶር በምትባለው በጥንታዊቱ የቴቤስ ከተማ አደሩ። ወታደሮቹም እንዳያመልጡ ብለው በወኅኒ ዘጉባቸው።

በዚያች ምሽት የከተማው ሰዎች እንጀራና ምግብ ይዘው ወደ ወኅኒው መጡ። የተያዙትን ወጣቶች አያውቋቸውም፤ ከእነርሱ የሚያገኙት ብድራትም አልነበረም። በኀዘን የተቀመጡትን እያባበሉ አበሏቸው። ጳኩሚስ ነገሩ አስደንቆት እነዚህ ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ ጠየቀ። ክርስቲያኖች መሆናቸውን፣ ስለ ሰማዩ አምላክ ብለው ለሰው ሁሉ፣ ይልቁንም ለእንግዳና ለተቸገረ፣ በጎ እንደሚያደርጉ ነገሩት። ስለ ክርስቶስ ሰምቶ የማያውቀው ወጣት ከወኅኒው ጥግ ብቻውን ቆሞ እጆቹን ዘረጋና ጸለየ። ከዚህ መከራ ቢወጣ በዘመኑ ሁሉ የሰውን ልጅ በማገልገል እግዚአብሔርን እንደሚያገለግል ተሳለ።

እነዚያ ምእመናን ያን ምሽት ወደየቤታቸው ሲመለሱ ምን እንደ ሠሩ አላወቁም። ካበሏቸው ወጣቶች መካከል የአንዱ ስም በምሥራቅም በምዕራብም ሲጠራ እንደሚኖር የነገራቸው አልነበረም። የአገልጋይ ጥሪ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው። በጎ ሥራ ሠሪው ይረሳዋል፤ ተቀባዩ ግን ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል።

ከስለቱ እስከ ገዳሙ

ጦርነቱ በ313 ዓ.ም. ሲያበቃ ምልምሎቹ እንጽና በምትባል ከተማ ተለቀቁ። ሌሎቹ ወደ ወላጆቻቸው ቤት ሲመለሱ ጳኩሚስ ሸኔሴት ወደምትባል፣ ጥቂት ሰዎች ብቻ ወደ ቀሩባት መንደር ሄደ። በዚያም ትምህርተ ሃይማኖት ተምሮ ተጠመቀ። ስለቱንም ሳይውል ሳያድር መፈጸም ጀመረ። ጎመንና አትክልት እየተከለ ለራሱ ከሚበቃው የተረፈውን ለድኾችና ለመንገደኞች ያካፍል ነበር። በመንደሯ ወረርሽኝ በገባ ጊዜ በሽተኞችን አስታመመ፤ ማገዶም ከዱር እየለቀመ ተሸከመላቸው።

እንዲህ ባለ አገልግሎት ሦስት ዓመት ከቆየ በኋላ የብሕትውና ኑሮ አማረው። አትክልቱን ለአንድ አረጋዊ ትቶ አባ ጰላሞን ወደሚባል ጽኑ ተጋዳይ ሄዶ ደጁን መታ። አረጋዊው ፈጥኖ አልተቀበለውም። እንጀራና ጨው ብቻ እንደሚበላ፣ ሌሊቱን በጸሎትና በሥራ እንደሚያሳልፍ ነግሮ፣ ሄዶ ራሱን እንዲፈትን አዘዘው። ጳኩሚስ ግን ጸንቶ በመለመኑ ተቀበለው፤ ሰባት ዓመት ያህልም አብሮት ኖረ። እንቅልፍ ሲጫናቸው አሸዋ በቅርጫት ከቦታ ወደ ቦታ እያመላለሱ ይተጉ ነበር። በአንድ የፋሲካ ዕለት ጳኩሚስ ስለ በዓሉ ክብር ብሎ በጨው ላይ ጥቂት ዘይት ቢጨምር፣ ጰላሞን የጌታውን ስቅለት አስቦ አለቀሰ እንጂ አልቀመሰውም። ጳኩሚስ ይህን የመምህሩን ጽናት አከበረ። ኋላ እርሱ ራሱ ለብዙዎች አባት በሆነ ጊዜ ግን ደካማውን በብርቱ ሚዛን እንዳይመዝን ተጠነቀቀ።

የመጀመሪያው ማኅበር መፍረስ

በ323 ዓ.ም. ገደማ ጳኩሚስ ማገዶ ሊለቅም ጣቤኒሲ ወደምትባል፣ በዓባይ ዳር ወደምትገኝ የተተወች መንደር ደረሰ። በዚያ ሲጸልይ በቦታው ገዳም እንዲሠራና ብዙዎች ወደ እርሱ እንደሚመጡ የሚያዝ ድምፅ ሰማ። ለመምህሩም ነገረው። አባ ጰላሞን ልጁን ማጣት ቢያሳዝነውም አብሮት ሄዶ ትንሽ ቤት አበጀለት። ከጥቂት ጊዜ በኋላም አረፈ፤ ጳኩሚስም በክብር ቀበረው።

ከዚያ በኋላ ታላቅ ወንድሙ ዮሐንስ መጥቶ አብሮት መነኰሰ። ጳኩሚስ የሚመጡትን እያሰበ የገዳሙን ቅጥር አስፍቶ ይገነባ ነበር፤ ዮሐንስ ግን የብቸኝነት ኑሮ ወዳድ ስለ ነበር ጠባቡን መረጠ። በዚህ ተጣሉ፤ ዮሐንስም የተሠራውን ግንብ ማፍረስ ጀመረ። ጳኩሚስ ተቈጣ። ወዲያው ግን በቍጣው አዝኖ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስና ይቅርታ ሲለምን አደረ። ከሰው ጋር መኖር ብቻን ከመጾም የሚከብድ ተጋድሎ መሆኑን በገዛ ወንድሙ ፊት ተማረ።

አንድ ጊዜም ለሰሌን የሚሆን ደንገል ሊቈርጥ በሄደበት ደሴት የእግዚአብሔር ፈቃድ ምን እንደ ሆነ ሲጠይቅ፣ መልአክ ተገልጦ የሰውን ልጅ እንዲያገለግልና ከፈጣሪው ጋር እንዲያስታርቅ ሦስት ጊዜ እንደ ነገረው ተጽፏል። የወኅኒው ስለት እንደ ገና ታሰበው።

ከዚህ በኋላ ከአካባቢው ሰዎች ወደ እርሱ መጡ። ጳኩሚስ የሚያበስልላቸው፣ ማዕዳቸውን የሚያቀርብላቸው፣ የታመሙትን የሚያስታምማቸው እርሱ ብቻ ሆነ። እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ለራሱ ይሠራል፤ ለምግቡ ከገቢው ጥቂት ያወጣል። ሰዎቹ ትሕትናውን አይተው እንደ አባት ሊያከብሩት ሲገባ እንደ ሎሌ ናቁት። ሲያዛቸው ይዘብቱበት ጀመር። ለዓመታት ታገሣቸው። በመጨረሻም ሁሉም በአንድ ሥርዓት እንዲኖሩ፣ ለጸሎትና ለማዕድ በአንድነት እንዲሰበሰቡ አዘዘ፤ እንቢ ያሉትንም አሰናበታቸው። ማኅበሩ ፈረሰ።

ብዙ ሰው በዚህ ቦታ ላይ ተስፋ ይቈርጣል። ጳኩሚስ ግን ከውድቀቱ ትምህርት አገኘ። አንዱ ብቻ የሚያገለግልበት፣ ሌላው ብቻ የሚገለገልበት ስብስብ ማኅበር ሊባል እንደማይችል ተረዳ። ቀጥለው ፕሴንታኤሲ፣ ሱሩስና ፕሾይ የሚባሉ ሦስት ሰዎች በመጡ ጊዜ ንብረትም ሥራም የጋራ እንዲሆን አደረገ።

ሁሉም የሚያገለግልበት ሥርዓት

በጳኩሚስ ገዳም መነኮሳቱ በየቤቱ ተከፍለው ይኖሩ ነበር። እያንዳንዱ ቤት አለቃና ምክትል አለው። ሸማኔው፣ ሰሌን ሠሪው፣ ጫማ ሰፊው፣ አናጢውና ዳቦ ጋጋሪው እንደየሙያው ይመደባል። የተሠራው ሁሉ ወደ መጋቢው ይገባል፤ ከዚያም በገዳሙ ጀልባ እስከ እስክንድርያ ድረስ ወርዶ ይሸጣል። በገቢው የማኅበሩ ፍላጎት ይሟላል፤ ድኾችም ይረዱበታል።

አዲስ የሚመጣው ሰው ወዲያው ቆብ አይደፋም። በደጅ ጥቂት ቀን ይቆያል፤ አቡነ ዘበሰማያትንና ከመዝሙረ ዳዊት የሚችለውን ያህል ይማራል። ማንነቱ፣ ዕዳ ወይም ጥፋት ሸሽቶ እንደ ሆነ፣ ወላጆቹንና ሀብቱን መተው ይችል እንደ ሆነ ይመረመራል። ንባብ የማያውቅም ቢሆን በቀን ሦስት ጊዜ ወደ መምህር እየሄደ ፊደል እንዲቈጥር ይገደዳል። ባይወድም እንኳ ማንበብን ሳይማር አይቀርም። አዲስ ኪዳንን፣ ቢያንስም መዝሙረ ዳዊትን በቃሉ መያዝ የሁሉም ግዴታ ነበር። አብዛኛው ገበሬ ማንበብ በማይችልበት በዚያ ዘመን የጳኩሚስ ገዳም ከነሥራው ታላቅ ትምህርት ቤት ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል።

ስለ ምግብ የሠራው ሥርዓት የልቡን ርኅራኄ ያሳያል። እያንዳንዱ እንደ አቅሙ እንዲበላ፣ ሥራውም እንደ ጕልበቱ እንዲሰጠው አዘዘ። መጾም የሚወድ ይጾማል፤ መብላት የሚያስፈልገው ሳይታማ ይበላል። አንድ ጊዜ በሕመም የመነመነ ወንድም ሥጋ አምሮት ቢጠይቅ የሚያስታምሙት እንቢ አሉት። ነገሩ ጳኩሚስ ጆሮ ደረሰ። ማዕድ በቀረበ ጊዜ አባታቸው እጁን ሳይዘረጋ ቀረ፤ የታመመው ሳይበላ እርሱ እንደማይበላ ገልጦ ወቀሳቸው። የፍየል ግልገል ተገዝቶ ለበሽተኛው ተዘጋጅቶ ከቀረበለት በኋላ ነው ከወንድሞቹ ጋር የበላው። በፋሲካ ዘይት ያልቀመሰው የአባ ጰላሞን ደቀ መዝሙር ለታመመ ወንድሙ ሥጋ አስገዛ።

በገንዘብ ነገርም ጥንቁቅ ነበር። አንድ መነኵሴ የገዳሙን ጫማ ከታዘዘው ዋጋ በሦስት እጥፍ ሸጦ በደስታ ተመለሰ። ጳኩሚስ ግን ትርፉን ለገዢዎቹ እንዲመልስ አዘዘው፤ ከዚያ ሥራም አነሣው። ማኅበር በስስት ከሚበለጽግ በእውነት ቢደኸይ ይሻለዋል ብሎ ያምን ነበር።

የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን

የጳኩሚስ ታሪክ ሲነገር ከገዳሙ ቅጥር ውጭ የሠራው ሥራ ሊዘነጋ አይገባም። በጣቤኒሲ ዙሪያ ድኾች እረኞችና ገበሬዎች እየመጡ ሰፍረው ነበር፤ ቅዱስ ቃሉን የሚሰሙበት ቦታ ግን አልነበራቸውም። ጳኩሚስ ከደንደራው ጳጳስ ከሰራፒዮን ጋር ተማክሮ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ሠራላቸው። ቅዳሜና እሑድ ከወንድሞቹ ጋር ይሄድና ካህን እስኪመደብ ድረስ እርሱ ራሱ መጻሕፍትን ያነብላቸው ነበር። ሕዝቡ ድኻ ስለ ነበረ ለመሥዋዕቱ የሚያስፈልገውንም ገዳሙ ይችል ነበር። በዚህ አገልግሎት ብዙዎች ክርስቲያኖች ሆኑ። የቴቤስ ምእመናን ለአንድ እንግዳ ያደረጉትን እርሱ ለአንድ መንደር መለሰ።

እርሱ ግን ክህነት አልተቀበለም። በ329 ዓ.ም. መጨረሻና በ330 ዓ.ም. ሐዋርያዊው አትናቴዎስ ላይኛውን ግብፅ ሲጎበኝ ሰራፒዮን ጳኩሚስን ቅስና እንዲሾመው ለመነው። ጳኩሚስ ይህን ዐውቆ በተሰበሰቡት መነኮሳት መካከል ተሰወረ፤ አትናቴዎስም ትሕትናውን አድንቆ ተወው። ክህነትን ንቆ እንዳይደለ ግልጽ ነው፤ ካህናትን እጅግ ያከብር ነበር፤ ለቅዳሴም የአካባቢውን ካህን ይጠራ ነበር። የፈራው ሹመት በወንድሞች መካከል ቅናት እንዳያስገባ ነው።

እኅቱ ማርያም ልታየው በመጣች ጊዜም የምንኵስናን መንገድ በበረኛው በኩል አመለከታት። እርስዋም ፈቀደች። ወንድሞች በመንደሩ አጠገብ ቤት ሠሩላት፤ በጊዜውም የብዙ ደናግል እመምኔት ሆነች።

ወጣቱ ቴዎድሮስና የአረጋውያኑ ቅሬታ

ከጳኩሚስ ደቀ መዛሙርት ዋናው ቴዎድሮስ ነው። የባለጸጋ ልጅ ሲሆን በወጣትነቱ ሁሉን ትቶ ወደ ገዳሙ የመጣ ነበር። ጳኩሚስ ጸጋውን ተመልክቶ አንድ ቀን በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆሞ እንዲያስተምር አዘዘው። ከአረጋውያን መነኮሳት አንዳንዶቹ ልጅ ሊያስተምረን ነውን ብለው በልባቸው ተቈጥተው ጉባኤውን ጥለው ወጡ። ጳኩሚስ ግን እንደ ማንኛውም ተማሪ ቆሞ እስከ መጨረሻው አደመጠ። በኋላም የወጡትን ጠርቶ የናቁት ልጁን እንዳልሆነ፣ በልጁ አንደበት የተነገረውን ቃል እንደ ሆነ በብርቱ ገሠጻቸው።

ይሁን እንጂ ጥሪን ማበረታታት ወጣቱን ከፍ ማድረግ ብቻ እንዳልሆነም ያውቅ ነበር። ጳኩሚስ በጠና በታመመ ጊዜ አለቆቹ ሰብሳቢ እንዳናጣ ብለው ቴዎድሮስን እንዲተካው ለመኑት፤ እርሱም ብዙ እንቢ ካለ በኋላ እሺ አለ። ጳኩሚስ ድኖ ነገሩን በሰማ ጊዜ ከአለቅነቱ ሻረው። ቴዎድሮስ ሁለት ዓመት በንስሐ ኖረ፤ አላጕረመረመም፤ ገዳሙንም አልተወም። መምህሩ ካረፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማኅበሩ በመለያየት በተፈተነ ጊዜ አንድ አድርጎ የጠበቀው ያ የተሻረው ደቀ መዝሙር ነው።

የመጨረሻው ፋሲካ

ማኅበሩ በዓመት ሁለት ጊዜ በአንድነት ይሰበሰብ ነበር። ማእከሉ ፕቦው የተባለው ሁለተኛው ገዳም ነው። የመጀመሪያው ጉባኤ የፋሲካ በዓል ሲሆን ንኡሰ ክርስቲያኖችም ያን ጊዜ ይጠመቁ ነበር። ሁለተኛው በነሐሴ ወር የሚደረገው ነው፤ በዚህም የየገዳሙ ሒሳብ ይቀርባል፤ የተቀያየሙም ይቅር ይባባላሉ። የሒሳቡና የይቅርታው ቀን አንድ መሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

በ346 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን ጽኑ ወረርሽኝ በገዳማቱ ገባ። ከ100 በላይ ወንድሞች ሞቱ፤ ጳኩሚስም ታመመ። ከሌሎቹ በሽተኞች ጋር በአንድ ቤት ተኝቶ አርባ ቀን ያህል ታከመ፤ ከእነርሱ የተለየ ነገር እንዲደረግለት ግን አልፈቀደም። የለበሰው ልብስ ለደከመ ሰውነቱ ስለ ከበደው ቀለል ያለ እንዲሰጡት ቢጠይቅ፣ ቴዎድሮስ ከመጋቢው መልካም ልብስ አምጥቶ አለበሰው። ጳኩሚስ ከሌሎች ወንድሞች ልብስ የተሻለ መሆኑን ባየ ጊዜ እንዲያነሡለት አዘዘ። ሰዎች በስሙ እንዳይመኩ ዐፅሙን ባልታወቀ ቦታ እንዲያኖርለት ቴዎድሮስን አደራ ብሎ፣ ጴጥሮንዮስን ተተኪው አድርጎ፣ ግንቦት 14 ቀን በሰላም አረፈ። በዚያን ጊዜ ዘጠኝ የወንዶችና ሁለት የሴቶች ገዳማት ከሥሩ ነበሩ። ከብዙ ዓመታት በኋላ የጻፈው ጳላድዮስ የማኅበሩን መነኮሳት 7000 ያህል አድርጎ ቈጥሯቸዋል።

በምሥራቅና በምዕራብ የቀረ ፍሬ

አባ ጳኩሚስ የኖረው ቤተ ክርስቲያን በኬልቄዶን ጉባኤ ከመለያየቷ ከመቶ ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ ውርሱ የጋራ ነው። በ404 ዓ.ም. ሄሮኒሞስ ሥርዓቱን ወደ ላቲን ተረጐመው። በምዕራብ በስድስተኛው መቶ ዓመት የተነሣው ቤኔዲክቶስና የሮም ካቶሊክ ገዳማት ከዚህ ምንጭ ቀድተዋል። ወደ አገራችንም ሥርዓተ ጳኩሚስ በግእዝ ተተርጕሞ ደርሷል። ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ የሆነው የደብረ ዳሞው አቡነ አረጋዊ በጳኩሚስ ገዳም መመንኰሱን ገድሉ ይተርካል። ዛሬም መነኮሳት በአንድ ማዕድ የሚቀመጡባቸው፣ የእርሻውም ፍሬ የጋራ የሆነባቸው የአንድነት ገዳሞቻችን የእርሱ ልጆች ናቸው።

በየአጥቢያችን ዲያቆን ጠፋ፣ የሚቀድስ ካህን አነሰ፣ ለአብነት ትምህርት የሚሰጥ ልጅ የለም የሚል ኀዘን ሲሰማ ይህን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። አገልጋይ ከሰማይ የሚጠራ ቢሆንም ጥሪውን የሚሰማው በሰዎች መካከል ነው። ለቆሎ ተማሪ ደጃፏን የምትከፍት እናት፣ የታመመ ጎረቤት የሚጠይቅ ማኅበርተኛ፣ ወጣቱ ሲያነብ ቆሞ የሚያደምጥ አረጋዊ፣ በየድርሻቸው አገልጋይ ያሳድጋሉ። ተካፍሎ የማይበላ፣ ልጆቹንም የማያደምጥ አጥቢያ ግን ነገ በመቅደሱ የሚቆምለትን ቢያጣ ሊደነቅ አይገባውም።

እንግዲህ የዛሬው ማዕድ ሲቈረስ በወኅኒ ያለው፣ በሐኪም ቤት የተኛው፣ ከአገሩ ርቆ ብቻውን የሚያድረው ሰው ይታሰብ። ከእነርሱ መካከል ማን ጳኩሚስ እንደሚሆን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። የአባታችን የአባ ጳኩሚስ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን። መልካም የትንሣኤ በዓል።